ዩሮው አንድ ሆኖ ወለዱ ለምን ይለያያል? ጀርመን ሆኜ ከፈረንሳይ ባንክ መበደር እችላለሁ?

ሹፌሩ_ማንሃይም፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ። ጣሊያን ቦሎኛ 13 ዓመት ኖሬያለሁ ፓስፖርቱንም እዛው ነው ያገኘሁት፣ ከ14 ወር በፊት ደግሞ ወደ ጀርመን ማንሃይም ዞርኩ። የጭነት መኪና ነው ምነዳው፣ ኮንትራቴ ቋሚ ነው የሙከራ ጊዜውንም ጨርሻለሁ። አሁን ያገለገለች መኪና ለመግዛት 12,000 ዩሮ በ48 ወር ሚከፈል ብድር ፈለኩና ደሞዜ ሚገባበት ባንክ ሄድኩ፣ ልጅቷ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አርጋ 9.9 ፐርሰንት ኤፌክቲቭ ወለድ (ከነወጪው በዓመት) አለችኝ፣ በወር 301 ዩሮ ማለት ነው። ሊዮን ያለው ጓደኛዬ ባለፈው ወር ያንኑ 12,000 ለዛው 48 ወር በ5.2 ነው የወሰደው፣ በወር 277። ማታ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ልዩነቱ ወደ 1,180 ዩሮ ይመጣል፣ ኧረ ይሄ እኮ የመኪናው የዓመት ኢንሹራንስ ነው!

እና ለምን እኔም ከሱ ባንክ አልወስድም ብዬ ኦንላይን ገባሁ። ፎርሙ የፈረንሳይ አድራሻ ካላስገባህ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም። ደወልኩ፣ ፈረንሳይ ነዋሪ ላልሆነ ሰው አናበድርም አሉኝ። እሺ ብዬ ቦሎኛ የነበረኝን ባንክ ጠየኩ፣ ሁለት ብድር ወስጄ አንድ ቀን ሳላሳልፍ ከፍዬ የጨረስኩበት ባንክ ነው፣ እነሱ ደግሞ ደሞዝህ አሁን ጀርመን ነው አንችልም። ጀርመኑ በበኩሉ ጣሊያን የከፈልከውን እኛ አናየውም ይለኛል። 13 ዓመት ውሃ በላው።

የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ፣ ባለፈው ዓመት ቁጠባዬን 6,000 ዩሮ በአንድ አፕ በኩል ላትቪያ ያለ ባንክ አስገባሁ፣ ላትቪያን በካርታ ፈልጌ ነው ያገኘኋት፣ አስር ደቂቃ አልፈጀም፣ ማንም አላንገራገረም። ገንዘቤን ስሰጥ አውሮፓ አንድ ናት፣ ስጠይቅ ግን 27 ትሆናለች። ይሄ ነገር ህጋዊ ነው? መንገዱን ሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

አባ_መላ_ብራስልስ፦

ግልጽ አድልዎ ነው ብሮ፣ ክሰሳቸው። 2018 ላይ የወጣ ጂኦብሎኪንግ (ሰውን በአገሩ ለይቶ ኦንላይን መዝጋት) ሚከለክል የአውሮፓ ህብረት ህግ አለ፣ በምትኖርበት አገር ምክንያት ከዌብሳይታቸው ሊያባርሩህ አይችሉም። እኔ ራሴ ሆላንድ ስሰራ የቤልጂየም አይባን (የባንክ አካውንት ቁጥር) ሰጥቼ ደሞዝ ክፍሉ አይሆንም የአገር ውስጥ አምጣ ሲሉኝ ህጉን በኢሜል ላኩላቸው፣ በሁለተኛው ቀን ጸጥ ብለው ከፈሉ። ባንክም ያው ነው፣ ደብዳቤ ሲያይ ነው ሚፈራው። አትለማመጣቸው።

እትዬ_ሪስክ፦

አባ መላ ልጄ፣ በቅንነት እንደሆነ ይገባኛል ግን ልጁን ገደል እየከተትከው ነው። የአይባኑ ነገር ልክ ነህ፣ እሱ በ2012ቱ የሴፓ (የዩሮ ክፍያ) ደንብ ነው፣ የክፍያ ጉዳይ ነው። ያ የጂኦብሎኪንግ ደንብ ግን የፋይናንስ አገልግሎትን በግልጽ ከውጭ ትቶታል፣ ብድር ውስጡ የለም። በ2014ቱ ህግ ደግሞ ህብረቱ ውስጥ በህጋዊ መንገድ የሚኖር ሰው ሁሉ መሰረታዊ አካውንት የማግኘት መብት አለው፣ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው እንኳን። አካውንት ሌላ ነው ብድር ሌላ ነው፣ አበድሩኝ ብሎ የሚያስገድድ ህግ የትም የለም።

እኔ አንትወርፕ ውስጥ የፍጆታ ብድር በሚሰጥ ድርጅት ሪስክ ክፍል (ተበዳሪው ይከፍላል አይከፍልም የሚለውን በሚመዝነው) 11 ዓመት ሰርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት፣ ስለዚህ ጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ምን እንደሚባል ልንገራችሁ። ድንበሩ ከኛ ቢሮ በመኪና አንድ ሰዓት ከምናምን ነው፣ የፈረንሳይዋ ሊል ከተማ። ከሊል ማመልከቻ አንዳንዴ ይመጣል። ህጉ ይፈቅዳል፣ ከ1993 ጀምሮ በአንዱ አገር ፈቃድ ያገኘ ባንክ በሌሎቹም ያለ ሁለተኛ ፈቃድ መስራት ይችላል፣ ፓስፖርት ነው የሚሉት። ታዲያ ለምን አናበድርም ነበር?

አንደኛ የሰውየው ታሪክ አይነበብልንም። በቤልጂየም ብሄራዊ ባንኩ የያዘው መዝገብ ከ2003 ጀምሮ እያንዳንዱን ብድር ያሳያል፣ የከፈለውንም ያልከፈለውንም፣ ባዶ ከመጣ ሰውየው ብድር የለበትም ማለት ነው። የፈረንሳይ ማዕከላዊ ባንክ መዝገብ ደግሞ መክፈል ያቃታቸውን ብቻ ነው የሚይዘው። እዛ ባዶ ከመጣ ሰውየው አምስት ብድር ተሸክሞ ይሁን ምንም ሳይኖርበት አታውቅም፣ እስካሁን አልወደቀም ማለት ብቻ ነው። ሁለቱም ባዶ ወረቀት ናቸው፣ ትርጉማቸው ግን ሰማይና ምድር። በ2008ቱ የፍጆታ ብድር ዲሬክቲቭ (የህብረቱ መመሪያ) የየአገሩ መዝገብ ለሌላ አገር አበዳሪም ያለ አድልዎ ክፍት መሆን አለበት ተብሏል፣ በሩ ተከፍቷል ማለት ነው፣ ግን ለተበዳሪው ነጥብ የሚሰጠው የኮምፒውተር ሞዴላችን የተሰራው በቤልጂየም ሰው ነው፣ የሌላውን አገር ወረቀት ብታጎርሰው አይፈጭም።

ሁለተኛ ደንበኛው ባይከፍልስ? ሸማቹን መክሰስ የምትችለው እሱ በሚኖርበት አገር ፍርድ ቤት ነው፣ ባንኩ ለዛ አገር ሰው አስቦ ካበደረ ደግሞ የዛ አገር የሸማች ጥበቃ ህግ ነው የሚሰራው። ይሄ ለናንተ ጥሩ ነው፣ እውነቴን ነው፣ ለኛ ግን ለ12,000 ዩሮ ብድር የውጭ ጠበቃ፣ የውጭ ደሞዝ አያያዝ ህግ፣ አስተርጓሚ ማለት ነው። ከእንደዚህ አይነት ብድር በአራት ዓመት ውስጥ ለባንኩ ንጹህ የሚተርፈው ጥቂት መቶ ዩሮ ቢሆን ነው፣ አንድ የጠበቃ ደብዳቤ ይበላዋል።

ሦስተኛውን ማንም ወረቀት ላይ አይጽፈውም፣ ስብሰባ ላይ ግን ሁሌ ይነሳል። የሊሉ ሰውዬ ደጁ ላይ ስንት ባንክ እያለ ለምን እኛ ጋ መጣ? የራሱ አገር ባንኮች ያዩበትና እኛ ያላየነው ነገር አለ? አለቃዬ ይሄን ከጠየቀ ፋይሉ ተዘጋ በሉት። አንተ ርካሽ ወለድ ፍለጋ ነው የሄድከው፣ ለነሱ ግን ከሚመጡት ከአስር አንዱ እንኳን አገሩ እምቢ የተባለ ሰው ከሆነ በዛ ዝቅ ያለ ወለድ ኪሳራ ነው፣ አንተን ከሱ የሚለዩበት መንገድ ደግሞ የላቸውም።

ስለላትቪያው የጠየከው ጥሩ ጥያቄ ነው ልጄ፣ መልሱም እዛው ውስጥ አለ። ስታስቀምጥ ማመን ያለብህ አንተ ነህ፣ እስከ 100,000 ዩሮ የየአገሩ የተቀማጭ ዋስትና ስላለ አንተም ሳታስበው ታምናለህ። ስትበደር ማመን ያለባቸው እነሱ ናቸው፣ ለነሱ ደግሞ ዋስ የሆነላቸው የለም።

ሹፌሩ_ማንሃይም፦

እትዬ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ አርጎ ያስረዳኝ ሰው የለም። የላትቪያው ነገር አሁን ነው የገባኝ። ግን ካስቀየምኩዎት ይቅርታ፣ ታዲያ ይሄ አንድ ገበያ ሚሉት ነገር ላም አለኝ በሰማይ ነዋ? ፓስፖርቱ ለባንኩ ነው እንጂ ለኔ አይደለም።

እትዬ_ሪስክ፦

ምን ያስቀይመኛል፣ እኛም ቢሮ ውስጥ እንዲሁ ነበር የምንለው። በዩሮ ዞን ከቤተሰብ ብድር ውስጥ በቀጥታ ድንበር ተሻግሮ የሚሰጠው 1 ፐርሰንት አካባቢ ሆኖ ነው ለዓመታት የኖረው። የመጀመሪያው የፍጆታ ብድር ዲሬክቲቭ 1986 መጨረሻ ላይ የወጣ ነው፣ አስቡት።

ማርሴይ_ነኝ፦

ሹፌሩ፣ ጓደኛህ ቁጥሩን ሙሉውን ነግሮሃል? እዚህ ፈረንሳይ ታኤግ ሚባለው ዓመታዊ ጠቅላላ ወጪ ነው ማስታወቂያው ላይ በትልቁ ሚጻፈው፣ ግን የብድር ኢንሹራንሱ በፍላጎትህ የገባህበት ከሆነ ታኤጉ ውስጥ አይደመርም፣ ለብቻው በሌላ መስመር ታኤኣ ተብሎ ነው ሚጻፈው። ግዴታ ከሆነ ብቻ ነው ውስጡ ሚገባው። በተግባር ባንክ ቤት ቁጭ ብለህ ሰራተኛዋ ፈገግ ብላ ይሄንንም እናድርግልህ ስትልህ እምቢ ሚል ሰው ጥቂት ነው፣ እኔም አላልኩም። ደውልለትና በየወሩ ከአካውንትህ ሚወጣው በጠቅላላ ስንት ነው በለው፣ ፐርሰንቱን ተወው።

ሌላው እዚህ ወለዱ ዝቅ ያለው ባንኮቹ ስለሚወዱን አይደለም፣ የወለድ ጣሪያ አለ፣ ኡዙር ይሉታል። የፈረንሳይ ማዕከላዊ ባንክ በየሩብ ዓመቱ አማካይ ወለዱን ያወጣል፣ እሱ ላይ ሲሶ ይደመርና ከዛ በላይ ማበደር ወንጀል ነው። ችግሩ ደግሞ ምን መሰላችሁ፣ ጣሪያው ዝቅ ሲል ባንኩ ወለድ ጨምሮ ሊያበድራቸው ሚችላቸውን ሰዎች በቃ አይ ይላቸዋል። ባለቤቴ የጊዜያዊ ስራ ኮንትራት ላይ እያለች ሦስት ቦታ ጠይቃ ሦስቱም እምቢ፣ ውድ ወለድ እንኳን አላቀረቡላትም። ስለዚህ ፈረንሳይ ርካሽ ነው ስትሉ ለተሰጠው ሰው በሉ።

ሹፌሩ_ማንሃይም፦

ደወልኩለት። በወር 288 ነው ሚወጣበት፣ 11 ዩሮ ኢንሹራንስ አለው፣ ራሱም አላስተዋለውም ነበር ሃሃ። ልዩነታችን ከ1,180 ወደ 650 አካባቢ ወረደ። ቢሆንም 650 ዩሮ መንገድ ላይ ወድቆ አይገኝም፣ እሱም ቢያንስ ቢታመም ሚከፍልለት አለ።

ተቃጠልኩ_ዱይስቡርግ፦

እዚህ ክር ውስጥ ሚያነቡ ብዙ ሰዎች ስላሉ አንድ ነገር ልናገር፣ ስሜን ስለማታውቁ አላፍርም። ድንበር ተሻግሮ ብድር ብላችሁ ጎግል ስታረጉ መጀመሪያ ሚመጣላችሁ ያለ ሹፋ ብድር፣ የስዊስ ብድር፣ ለማንም እንሰጣለን ሚለው ነው። ሹፋ ለማያውቅ የጀርመን የብድር ታሪክ ሚይዘው ድርጅት ነው። እኔ 2021 ላይ ስልክ ኮንትራት ያልከፈልኩት ነበርና ሹፋዬ ተበላሽቶ ነበር፣ አንዱ ድርጅት ጋ አመለከትኩ፣ ከውጭ አገር ባንክ 5,000 ዩሮ ጸድቆልሃል አሉኝ፣ ደስ ብሎኝ ለሰው ሁሉ ነግሬ ነበር። ከዛ ወረቀቱ በፖስታ ይመጣል ሲደርስ 189 ዩሮ ለፖስተኛው ትከፍላለህ፣ ከፈልኩ፣ ሲከፈት የኢንሹራንስ ማመልከቻና ሌላ ፎርም ነው፣ ብድር ሚባል የለም። ደጋግሜ ደወልኩ ስልኩ ራሱ በደቂቃ ሚያስከፍል ነበር።

በኋላ የሸማቾች ምክር ቢሮ ሄጄ ሴትየዋ ምን አለችኝ፣ በጀርመን ህግ ደላላ ገንዘብ መጠየቅ ሚችለው ብድሩ እጅህ ከገባ በኋላ ነው፣ ከዛ በፊት ለምንም ነገር ሳንቲም ከጠየቀህ ዝጋው ሩጥ። ይሄን አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድሞ ሚነግረኝ ባገኝ 189 ዩሮዬ ኪሴ ነበር።

ሮማን_ፍራንክፈርት፦

ተቃጠልኩ አይዞህ ወንድሜ፣ አንተ ብቻ አይደለህም። ሹፌሩ አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ እኔ ፍራንክፈርት የብድር ማነጻጸሪያ ድርጅት ውስጥ ነው ምሰራው፣ ማስታወቂያ እንዳይመስል ስሙን አልጠራም።

እትዬ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው ግን አንድ ነገር ዘለሉ። ውድድሩ የለም ማለት አይደለም፣ በፊት ለፊት በር ሳይሆን በጓሮ በር ነው የገባው። የፈረንሳይ ባንክ ማንሃይም ላለ ሹፌር ከፓሪስ አያበድርም፣ እዚህ ኩባንያ ይከፍታል ወይ ያለውን ይገዛል፣ የጀርመን ስም ይለጥፍበታል፣ የጀርመን ሰራተኛ ይቀጥራል፣ ሹፋ ያነባል። ሳንታንደር ስፔን ነው፣ ግን የፍጆታ ብድር ክንፉ ለጀርመን የመኪና ብድር ትልቅ ተጫዋች ነው፣ ብዙ ሰው ጀርመን ይመስለዋል። ቢኤንፒ ፓሪባም ክሬዲ አግሪኮልም የፍጆታ ብድር ድርጅቶች በብዙ አገር አላቸው፣ አንተ ጣሊያን እያለህ አጎስ የሚለውን ማስታወቂያ ሳታይ አትቀርም፣ አብዛኛው ድርሻ የክሬዲ አግሪኮል ነው። አይኤንጂ ሆላንድ ነው፣ ክላርና ስቶክሆልም ነው። ስለዚህ አንተ የሊዮኑን ባንክ በር አንኳኳህ፣ የዛ አይነት ባንክ ልጅ ግን ምናልባት ማንሃይም ውስጥ ሰፈርህ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ስህተትህ ደሞዝህ ሚገባበት ባንክ ብቻ መጠየቅህ ነው። እነሱ የትም አትሄድም ብለው ያስባሉ። ሌሎቹን ጠይቅ፣ ግን ስትጠይቅ ተጠንቀቅ፣ ሁለት አይነት ጥያቄ አለ። ኮንዲሲዮንስአንፍራገ ሚባለው የወለድ ሁኔታ መጠየቅ ብቻ ነው፣ ሹፋ ነጥብህን አይነካም፣ ሌላ ባንክም አያየውም። ክሬዲትአንፍራገ ሚባለው ደግሞ ብድር እንደጠየክ ተቆጥሮ ይመዘገባል፣ ሌሎች ባንኮችም ለ10 ቀን ያዩታል፣ መዝገቡ ላይ ለአንድ ዓመት ይቆያል። አምስት ቦታ በሁለተኛው አይነት ከጠየክ ስድስተኛው አምስቱ እምቢ ብለውታል ብሎ ያስባል። የባንኩ ሰራተኛ የትኛውን እንደሚያረግ ሳትጠይቅ ስምህን አትስጥ፣ የመጀመሪያዋ ልጅ የትኛውን እንዳረገች ራሱ እኔ እንጃ።

ከ3.99 ጀምሮ ሚል ማስታወቂያም አያታልህ። ጀርመን ውስጥ ከስሩ በትንሹ የግድ ምሳሌ መጻፍ አለባቸው፣ ከሦስት ደንበኛ ሁለቱ በዛ ወለድ ወይ ከዛ ባነሰ ያገኙትን። ማነጻጸር ያለብህ እሱን ነው፣ ከ ሚለውን ቁጥር ማንም አያገኘውም ብል ብዙ አልዋሸሁም።

ሌላ ደግሞ የጣሊያኑ 13 ዓመት ሙሉ በሙሉ ውሃ አልበላውም። ጣሊያን ውስጥ ትልቁን የብድር መዝገብ ሚይዘው ክሪፍ ነው፣ መስሪያ ቤቱ ደግሞ የት እንደሆነ ታውቃለህ? ቦሎኛ! በጂዲፒአር (የአውሮፓ የግል መረጃ ጥበቃ ህግ) መሰረት ስለራስህ የያዙትን ሁሉ ጠይቀህ በነጻ ትወስዳለህ፣ በአንድ ወር ውስጥ መመለስ አለባቸው። ሁለቱ ብድሮችህ በሰዓቱ ተከፍለው ማለቃቸው እዛ ላይ ከታየ አስተርጉመህ ለባንኩ ስጠው። ኮምፒውተራቸው አይበላውም፣ እትዬ እንዳሉት፣ ግን ፋይሉን ሰው እጅ ካደረስከው ሰው ያነበዋል። ሹፋንም በዛው ህግ ዳታዬን ስጡኝ በለው፣ ሚሸጡትን ወረቀት ሳይሆን ዳተንኮፒ ሚባለውን ነጻውን። የአውሮፓ ፍርድ ቤት ዲሴምበር 2023 ላይ ባንኩ በዋናነት የሹፋን ነጥብ አይቶ ብቻ ሚወስን ከሆነ ነጥቡ ራሱ አውቶማቲክ ውሳኔ ነው ብሎ ፈርዷል፣ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ነው እምቢ ያለው ሚለው መልስ እንደድሮው አይቀልላቸውም።

አባ_መላ_ብራስልስ፦

እሺ ተሳስቻለሁ፣ እቀበላለሁ። ግን አዲሱ ዲሬክቲቭ አለ አይደል እንዴ፣ የ2023ቱ? አድልዎ ሚል አንቀጽ አለው ብለው ሲያወሩ ሰምቻለሁ።

እትዬ_ሪስክ፦

አለ። ከኖቬምበር 20፣ 2026 ጀምሮ ነው በተግባር የሚውለው። በዜግነት ወይ በመኖሪያ ቦታ ምክንያት አድልዎ አይደረግም ይላል፣ ወዲያው ግን በተጨባጭ መስፈርት ከተደገፈ የተለየ ሁኔታ ማቅረብ ይቻላል ብሎ ይቀጥላል፣ አበዳሪ በማይሰራበት አካባቢ እንዲያበድር ግዴታ አይጥልም የሚልም መግቢያው ላይ አለበት። የሊዮኑ ባንክ ጠበቃ በዚህ ቀዳዳ ግመል ያሳልፋል። ጥሩ ነገሩ ሌላ ቦታ ነው፣ የድሮው ከ200 እስከ 75,000 ዩሮ ያለውን ነበር የሚሸፍነው፣ አዲሱ የታችኛውን ወለል አንስቶ እስከ 100,000 ወስዶታል፣ አሁን ግዛ በኋላ ክፈል የሚሉትንም አብዛኛውን አስገብቷል። ወጣቶቹ በስልካቸው በ40 ዩሮ በ60 ዩሮ የሚጠራቀምባቸው እሱ ነው፣ እኔ ስሰራ እነዚህን ትንንሽ እዳዎች መዝገብ ላይ አናያቸውም ነበር።

ዝም_አልልም_ታሊን፦

ሁላችሁም ድንበሩ ይጥፋ ነው ምትሉት፣ ቆይ ማን እንደሚጠቀም አስባችኋል? እኔ ኢስቶኒያ ነው ምኖረው፣ እዚህ የፍጆታ ብድር ወለድ ፈረንሳይ ካለው ጋር አይወዳደርም፣ በጣም ውድ ነው። ከዚህ ከተማ ሆነው በኢንተርኔት ፊንላንድና ስፔን ላለ ሰው ሚያበድሩ ድርጅቶች አሉ፣ ማለትም ድንበር ተሻግሮ ብድር አለ፣ ግን ድንበሩን ሚሻገረው ርካሹ አይደለም ውዱ ነው! ለምን ብትሉ በ6 ፐርሰንት ሚያበድር ባንክ ለማያውቀው ሰው አደጋውን ሚሸፍንበት ትርፍ የለውም፣ በ20 ሚያበድረው ግን አለው። ፊንላንዶች መሮአቸው 2019 ላይ ዋስትና ለሌለው ብድር ወለዱ ከ20 አይበልጥም ብለው ቆረጡ፣ 2024 ላይ ደግሞ ሁሉንም ብድር ሚያሳይ መዝገብ ከፈቱ፣ ከዛ በፊት ሰው አስር ቦታ ተበድሮ አስራ አንደኛው አያውቅም ነበር። አንድ ገበያ አንድ ገበያ ስትሉ ይሄንንም ጨምሩበት።

እትዬ_ሪስክ፦

የታሊኑ ልጅ ትክክል ነው፣ እኔም ይሄን ነበር ማለት የነበረብኝ። ጣሪያው ራሱ በየአገሩ የተለያየ ነው። ፈረንሳይ አማካዩ ላይ ሲሶ፣ ጣሊያን አማካዩ ላይ ሩብ ጨምሮ ከዛ 4 የፐርሰንት ነጥብ፣ ጀርመን ደግሞ በህግ የተጻፈ ቁጥር ሳይኖር ፍርድ ቤት ነው ያበጀው፣ የገበያውን እጥፍ ከሆነ ወይ በ12 የፐርሰንት ነጥብ ከበለጠ ውሉ ይፈርሳል። ባንኩ አንድ ብድር አዘጋጅቶ ለሁሉም ልሽጥ ቢል በአንዱ አገር የተፈቀደው በሌላው ሊያስከስሰው ነው። አንዳንዱ ብድር ደግሞ ከአገሩ መውጣት አይችልም። ሹፌሩ ጣሊያን እያለህ ቸሲዮነ ደል ኩዊንቶ ወስደህ አታውቅም? አሰሪህ የደሞዝህን አንድ አምስተኛ ቆርጦ በቀጥታ ለባንኩ የሚከፍልበት። ያ በጣሊያን ህግ የቆመ ነው፣ ለማንሃይም አሰሪህ ብትነግረው ግራ ይጋባል።

ሹፌሩ_ማንሃይም፦

እትዬ አንዱ ብድሬ እሱ ነበር! ለዛ ነዋ አንድ ቀን ሳላሳልፍ የከፈልኩት፣ ገንዘቡ እጄ ሳይገባ ነበር ሚቆረጠው ሃሃሃ። እንደ ጀብድ ሳወራው ነበር እኮ።

(ከአምስት ሳምንት በኋላ)

ሹፌሩ_ማንሃይም፦

ሰላም፣ ጠፋሁ፣ መንገድ ላይ ነበርኩ። ምን እንደሆነ ልንገራችሁ ሌላውም ይማርበት። ክሪፍ ወረቀቱን በ19 ቀን ላከልኝ፣ ሁለቱም ብድሮች በሰዓቱ ተከፍለው ተዘግተዋል ይላል። ከዛ ሮማን እንዳለችው በኮንዲሲዮንስአንፍራገ አራት ቦታ ጠየኩ። አንዱ 11 አለኝ፣ አንዱ ጭራሽ ጀርመን ሁለት ዓመት ካልኖርክ አለ፣ አንዱ 8.4፣ አራተኛው ግን ሰውየው ፋይሌን ራሱ ቁጭ ብሎ አየው፣ የጣሊያኑን ወረቀት ሲያይ እሱም ሚስቱ ጣሊያን ናት መሰለኝ በጣሊያንኛ ታን (ወለዱ ብቻ) ነው ታኤግ (ከነወጪው) ነው እያለ ሲያስረዳኝ ዋለ። በመጨረሻ 6.9 ኤፌክቲቭ፣ በወር 286፣ ኢንሹራንስ የሌለው። ከመጀመሪያው ሲነጻጸር በአራት ዓመት ወደ 750 ዩሮ ይቀርልኛል። ወረቀቱ ነው ወይስ ሚስትየዋ ናት የረዳችኝ አላውቅም። ወጥቼ ባንኩን ፈልጌ ሳየው ባለቤቱ የጀርመን አይደለም፣ ሮማን ሳቂብኝ።

ኢንሹራንሱን አለመውሰዴ ያስፈራኝ ነበር፣ ሰውየው ራሱ ዛሬ ላስፈርምህ ብፈልግም አልችልም አለኝ፣ ከ2025 ጀምሮ ብድሩን ከፈረምክ ሳምንት ሳያልፍ ኢንሹራንሱን መሸጥ አይፈቀድም አለኝ፣ ሳምንቱ ካለፈ በኋላ ደወለልኝ፣ አልወስድም አልኩት።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ ቁጠባዬ ላትቪያ ያለው በሚቀጥለው ክረምት ነው ጊዜው ሚደርሰው። እሱን አውጥቼ ብድሩን ቀድሜ ብከፍለው ይቀጡኛል?

ሮማን_ፍራንክፈርት፦

እንኳን ደስ ያለህ! ቀድሞ መክፈል መብትህ ነው፣ ለዚህ አይነት ብድር ባንኩ ካሳ ቢጠይቅ እንኳን ጣሪያ አለው፣ ከዓመት በላይ ከቀረው ቀድመህ ከምትከፍለው ላይ 1 ፐርሰንት፣ ከዓመት በታች ከሆነ ግማሽ ፐርሰንት። 6,000 ብትከፍል ቢበዛ 60 ዩሮ ነው። ላትቪያ ስንት ወለድ ነው ሚከፍሉህ?

ሹፌሩ_ማንሃይም፦

3.1።

ሮማን_ፍራንክፈርት፦

በ3.1 አስቀምጠህ በ6.9 ነው የተበደርከው? መጀመሪያውኑ 6,000ውን አውጥተህ ግማሹን ብቻ ብትበደር ኖሮስ?

ሹፌሩ_ማንሃይም፦

ጊዜው ሳይደርስ ማውጣት አይቻልም ነበር፣ ተዘግቶበታል። ለዛ ነው አስር ደቂቃ ብቻ የፈጀው ለካ፣ ያን ገጽ ሳላነብ ነው ያለፍኩት።